መርፌው 0.65 ላይ ሲቆም

«ጋሼ፣ ፓምፑ ሳይደክም አልቀረም፤ ብናስቀይረው አይሻልም?» አለ ልጁ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገና መውጣቱ ነው፤ የቫኪዩም ድንጋይ ማንሻውን መመሪያ አንድም ገጽ ሳይዘል አንብቧል። መመሪያው ፓምፑ እስከ 0.86 ባር ይስባል ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የእብነ በረድ መቁረጫ ግቢ የተገጠመው ማንሻ ግን 0.65 ላይ ደርሶ መርፌው ንቅንቅ አልል አለ። ፓምፑ አዲስ፣ ፊልትሮው ንጹሕ፣ መምጠጫ ጎማው ከካርቶን ከወጣ ገና መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዕድሜውን እንዲህ ባለ ግቢ የጨረሰ የማንሻ ባለሙያ ነው። ጥያቄውን ከነባሮቹ አፍ ሲጠብቅ ኖሮ ከአዲስ ገቡ ስለሰማው ደስ አለው። ፓምፑም አልተቀየረም።

ጤነኛ ነበረና። የተቀየረው አገሩ ነው።

የቫኪዩም ማንሻ ድንጋይን በራሱ ጉልበት እንደማይዝ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። ጎማው ሥር ያለው አየር ሲወጣ የውጭው አየር ድንጋዩን ገፍቶ ከጎማው ጋር ያጣብቀዋል፤ ጉልበቱ የከባቢው አየር ነው። የሚዘነጋው ያ አየር የየት አገር አየር እንደሆነ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1.01 ባር ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ወደ 0.77 ይወርዳል፤ 2,840 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ 0.72 አካባቢ ነው። ካለው አየር 85 በመቶውን ማውጣት የሚችል ፓምፕ ጅቡቲ ወደብ ላይ 0.86 ያሳያል። ያው ፓምፕ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ 0.65፣ ደብረ ብርሃን ሲወጣ 0.61 ያሳያል። ባቄላ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። የቤት እመቤቶች ፕሬሸር ድስት ገዝተው የፈቱትን ችግር ብዙ የማሽን አስመጪ መኖሩንም አያውቅም።

የማግደቡርግ ከንቲባ የነበረው ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪከ እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ ሁለት የመዳብ ንፍቀ ክበቦችን ገጥሞ፣ ውስጣቸውን አየር አውጥቶ፣ በፈረሶች አስጎትቶ ማላቀቅ እንዳልተቻለ ለሕዝብ አሳይቷል። ስፋታቸው ግማሽ ሜትር ያህል ነበር፤ አየሩ ፈጽሞ ቢወጣላቸው ለማላቀቅ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ጉልበት ይጠይቃሉ። ሰውየው የአዲስ አበባ ከንቲባ ቢሆን ኖሮ 1.5 ቶን ይበቃ ነበር። ጥቂት ፈረሶች ያርፉ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። አብዛኛው ማንሻ ጌጁ ላይ አረንጓዴና ቀይ ክልል አለው፤ አረንጓዴው 0.6 ባር ላይ ይጀምራል እንበል። የ30 ሴንቲ ሜትር መምጠጫ ጎማ በ0.6 ባር ከ420 ኪሎ ግራም በላይ ይይዛል። ኢኤን 13155 የተባለው የአውሮፓ ደንብ ማንሻው በቀዩ ክልል ዋዜማ ላይ እንኳ ከተፈቀደለት ጭነት ቢያንስ ሁለት እጥፍ መያዝ እንዲችል ያዛል። ስለዚህ አንዱ ጎማ የሚፈቀድለት 210 ኪሎ ነው። ድንጋዩ ቆሞ ሲነሳ ግን የሚይዘው የጎማው ሰበቃ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ በዚህ ጊዜ እጥፉን አራት ያደርገዋል፣ 210ሩም 105 ይሆናል። አራት ጎማ ያለው ማንሻ ለተኛ ድንጋይ 840 ኪሎ፣ ለቆመ 420 ኪሎ ማለት ነው። 3 ሜትር በ1.8 ሜትር የሆነ ባለ 2 ሴንቲ የባቢሌ ግራናይት ንጣፍ ወደ 290 ኪሎ ይመዝናል፤ ያለ ችግር ይነሳል። ባለ 3 ሴንቲው ግን 437 ኪሎ ነው። በየግቢው ንጣፉ የሚቀመጠው በፍሬም ተደግፎ ቆሞ ስለሆነ ባለ 3 ሴንቲውን በዚህ ማንሻ ማንሳት ክልክል ነው። ልዩነቱ 17 ኪሎ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው በየግቢው አይጠፋም።

መርፌው አንዴ 0.6 ላይ ከደረሰ ጉልበቱ በጅቡቲም በአዲስ አበባም አንድ ነው፤ ጌጁ የሚለካው የውጭና የውስጥ ግፊት ልዩነትን ነውና። ታዲያ ከፍታው ምን ጎዳ? ትርፉን በላው። ጅቡቲ ላይ ከአረንጓዴው መጀመሪያ በላይ 0.26 ባር ትርፍ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የቀረው 0.05 ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ፊልትሮው በድንጋይ ዱቄት ትንሽ ሲታፈን፣ የፓምፑ ክንፎች ሲያልቁ አቅሙ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። እንዲህ የደከመ ፓምፕ ጅቡቲ ላይ 0.76 እያሳየ ለዓመታት ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ 0.58 ላይ ይቆማል፤ አረንጓዴው ላይ ስለማይደርስም የማስጠንቀቂያ ደወሉ መጮኹን ይቀጥላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንቅልፍ የሚያጣው ከዚህ በኋላ በሚሆነው ነው። ደወሉ ሲጮኽ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። ኤሌክትሪሺያኑ የቫኪዩም ስዊቹን ቡሎን ያገኝና ወደ 0.5 ዝቅ ያደርገዋል። ደወሉ ዝም ይላል፤ አሠሪው ይደሰታል፤ ሳህኑ ላይ የተጻፈው ጭነት ግን አይቀየርም። ሁለት የነበረው እጥፍ ወደ 1.7 ወርዷል፣ የቀነሰውንም ማንም አልጻፈውም። በአንድ ግቢ ሁለት ማንሻዎች እንዲህ ተስተካክለው ተገኝተዋል፤ ያስተካከለውም ሰው ሥራውን እንደ ውለታ ይተርክ ነበር። ከቦሌ የሚነሳ አብራሪ የአየር ማረፊያውን ከፍታና የዕለቱን ሙቀት ሳያሰላ መንገዱን አይዝም። ድንጋይ በሰው ራስ አጠገብ የሚያንጠለጥል ሰው ለምን አያሰላም?

ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው። ወይ ጠንከር ያለ ፓምፕ ይገጠማል፣ ወይ ጎማ ይጨመራል፣ ወይ በአምራቹ የጽሑፍ ፈቃድ የማንሻው ጭነት ተቀንሶ ሳህኑ ላይ እንደገና ይጻፋል። በአሜሪካ በሚሠሩ አንዳንድ ማንሻዎች መመሪያ ላይ የሥራ ከፍታው ጣሪያ 1,828 ሜትር ነው ተብሎ በግልጽ ሰፍሯል። አዳማ በዚህ ውስጥ ትገባለች። አዲስ አበባ አትገባም።

በዚህ ሙያ የቆየ አንድ የጽሑፉ አቅራቢ ወዳጅ ቫኪዩምን ጨርሶ አያምንም። ክላምፕ እንጂ! «ብረት ሲነክስ ዓይኔ ያየዋል፤ አየር ሲይዝ ማን አይቶ?» ይላል። ክርክራቸው የቆየ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መልስ ይህ ነው፦ ክላምፑ የሚነክሰው የንጣፉን ጠርዝ ነው፤ የተወለወለ የዳለቲ እብነ በረድ ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው እዚያው ወደቀ። ክላምፑን ለማስገባትም በንጣፎቹ መካከል ክፍተት ያስፈልጋል፤ ያን ክፍተት የሚከፍተው የሰው እጅ ነው፣ ጣት የሚቀጠፈውም እዚያ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ወዳጁ የሚረታበት ቦታ አለ። አንድ ጊዜ ለፊት ለፊት ግድግዳ ማልበሻ የተቆረጠ የአምቦ ድንጋይ በቫኪዩም ሊነሳ ተሞከረ። የአምቦ ድንጋይ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ በውስጡ አየር ያሳልፋል። ፓምፑ እያጓራ መርፌው አረንጓዴው ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድንጋዩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ወዲያው ወረደ፣ በቀበቶም ተነሳ። ወዳጁ ያን ቀን የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ይወራል። እንዲህ ላለው ድንጋይ ብዙ አየር በፍጥነት የሚያወጣ ሌላ ዓይነት ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ቀበቶና ክላምፕ ይሻላሉ። ጀርባው በመረብና በሙጫ የተደገፈ ንጣፍም በጀርባው በኩል አይያዝም፤ ጎማው የሚይዘው መረቡን እንጂ ድንጋዩን አይደለም። ድርብርብ መስታወትም እንደዚሁ ነው፤ ጎማው የጨበጠው የፊቱን ገጽ ብቻ ስለሆነ ሌላው በማጣበቂያው ዕድል ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል።

ስለ ጥገና ብዙ መመሪያ ስላለ እዚህ መደጋገም አያስፈልግም። ሦስት ነገር ብቻ በዚህ አገር ችላ ይባላል። አንደኛው ጎማውን በቤንዚን ወይም በናፍታ መጥረግ ነው፤ መጀመሪያ ያብረቀርቅና በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃልም። በሳሙና ውሃ መታጠብ ይበቃዋል። የደጋ ፀሐይም ጎማ ስለምታደርቅ ማንሻው ሥራ ሲፈታ በጥላ ይዋል። ሁለተኛው ከመጋዙ የሚወጣው የድንጋይ ጭቃ ነው። እርጥብ ንጣፍ ተኝቶ ሲነሳ እሺ ይላል፤ ሲቆም ይንሸራተታል። ጭቃው ወደ ፊልትሮው ይገባል፣ እዚያ ይደርቃል፣ ሰውም ፓምፑ ደከመ ይላል።

ሦስተኛው የመፍሰስ ፈተና ነው። ማንሻውን ንጹሕና ለስላሳ ነገር ላይ አጣብቆ፣ ፓምፑን አጥፍቶ፣ መርፌውን በሰዓት መጠበቅ ነው። ከላይ የተጠቀሱት የአሜሪካ መመሪያዎች በ10 ደቂቃ ከ0.14 ባር በላይ መውረድ የለበትም ይላሉ። ሥራ የበዛበት ግቢ ለዚህ 10 ደቂቃ የለውም፤ ለሻይ ግን ሁልጊዜ አለው። ፈተናው በሻይ ሰዓት ይደረግ።

መብራት ሲጠፋስ? የአውሮፓው ደንብ ኃይል ቢቋረጥ ጭነቱ ለ5 ደቂቃ ተይዞ እንዲቆይ ይጠይቃል። ይህን የሚያደርገው የቫኪዩም ታንኩና አየር ወደ ኋላ የማያስመልሰው ቫልቭ ነው። ለግንባታ ቦታ ደግሞ ደንቡ ወይ ሌላ ደጋፊ መያዣ፣ ወይ እያንዳንዱ የራሱ ጎማዎች ያሉት ሁለት ታንክ ይላል። እዚህም ከፍታው ድርሻውን ይወስዳል፤ ከ0.86 የሚጀምር ታንክና ከ0.65 የሚጀምር ታንክ እኩል አያቆዩም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጭነቱን አየር ላይ አንጠልጥሎ መጠበቅ ስለዚህ ሞኝነት ነው። መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ጭነቱን ማውረድ፣ ሁለተኛው ሰዎችን ማራቅ ነው፤ ጄኔሬተሩ ከዚያ ይደርሳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደዚህ ሙያ የገባው በትከሻው ነው። ያኔ ንጣፍ የሚነሳው በስድስት ሰው ነበር፤ ትከሻ ላይ የታጠፈ ጆንያ፣ ከፊት አንድ ድምፃም ሰው፣ ሆ! እየተባለ። አብረውት ከተሸከሙት መካከል ዛሬ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር የሚቸገር አለ። የጽሑፉን አቅራቢም ብርድ ሲሆን ወገቡ ያስታውሰዋል። ማንሻው ሲመጣ ድምፃሙ ሰው ሥራ ፈታ፤ ሆታው ጠፋ፣ ግቢው ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ ግን ፈጽሞ የማያውቁት ነገር ይሰማ ጀመር፦ ከጎማው ጠርዝ ሾልኮ የሚገባ አየር ፉጨት።

ለዚህ ድምፅ ጉልበት ምንም አይጠቅምም። ካስተማራቸው ሁሉ ጆሮዋ የሚበልጠው አንዲት ወጣት ናት። መጋዙ እየጮኸ እንኳ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ጎማ» ትለዋለች፣ ሦስተኛው ይሆናል። በትከሻ ዘመን ይህች ልጅ ከግቢው በር አታልፍም ነበር። ንጣፉን አንድ ስንዝር ታነሳለች፣ ትቆማለች፣ መርፌውን እያየች ሙሉ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፤ መኪና ቆሞ ቢጠብቅ፣ ባለቤቱ ቢቆጣ ደቂቃዋን አትቀንስም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሙያው ያገኘው ትልቁ ነገር ምን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ድንጋይ ያላነሱ ሰዎች ጥሩ የድንጋይ ሠራተኛ ሲሆኑ ማየቱን ይናገራል።

ማንሻ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ የዋጋ ማቅረቢያ ስትጠይቁ የምትሠሩበትን ቦታ ከፍታ በሜትር ጻፉ። ፓምፑ በዚያ ከፍታ ስንት ባር እንደሚደርስና የተፈቀደው ጭነት ስንት እንደሆነ አምራቹ በፊርማ እንዲመልስ ጠይቁ፤ መልሱን በአማርኛ በማንሻው ሳህን ላይ አጽፉት። «ለሁሉም አገር ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።