ጭምብልና ስም፤ በከዚራ ግድግዳዎች ላይ ስለሚታዩ የጀግና ሥዕሎች

የጀግና ሥዕል ቤት ለማሳመር ብቻ የሚሰቀል ዕቃ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ማንን ለመምሰል እንደሚመኝም ይናገራል። ስለዚህ በድሬዳዋ ከተማ፥ በከዚራ ሰፈር በቡና ቤቶችና በወጣቶች ክፍሎች ያየናቸውን ሁለት ዓይነት ሥዕሎች ለማመዛዘን እንሞክራለን። አንደኛው በሸራ ላይ ታትሞ በእንጨት የተወጠረው የስፓይደርማን መልክ ነው፤ ሁለተኛው በብሩሽ የተሣለው የዐድዋ ጦርነት ነው።

ስፓይደርማን በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ ሲወጣ ፊቱ በሙሉ የተሸፈነ ነበር። ወዳጆቹ ይህን ያመሰግናሉ፤ መልኩ ስለማይታይ የከዚራም ልጅ ራሱን ከጭምብሉ በስተጀርባ ሊያስብ ይችላል ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ጭምብሉን የሚያጠልቀው እናት አባቱ የሞቱበት፥ አክስቱ የምታሳድገው፥ ገንዘብ የሚቸግረው ተማሪ ነው። የታተመው ሸራ ይህን ሁሉ ትቶ ዝላዩንና ጡንቻውን ብቻ ያስቀራል። እንግዲህ ሰብሳቢው የሚገዛው ጀግናውን ሳይሆን አቋቋሙን ነው።

የዐድዋ ሥዕል ሥርዓት ከዚህ ይለያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት በሙሉ በአንድ ሸራ ላይ ይተረካል። ብዙውን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በግራ በኩል፥ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፥ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማይ ይታያሉ። የወገን ጦር ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፥ ጠላት ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። የሐረርን ጦር ይዘው እንደ ዘመቱት እንደ ራስ መኰንን ያሉት መኳንንትም ስማቸው በአጠገባቸው ይጻፋል። በዚህ ሥዕል ጀግናው ፊቱን አይሸፍንም፤ ለብቻውም አይቆምም።

ይህ ሲባል የዐድዋ ሥዕል ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ስሙ የሚጻፍለት መኰንኑ ነው፤ ተራው ወታደር በረድፍ ይደረደራል እንጂ አይጠራም። ለጎብኚ ተብለው በችኮላ ከተቀዱት መካከልም የመኳንንቱን ስም እንኳ ያስቀሩ አይተናል። እንዲህ ያለው ሸራ በብሩሽ ቢሣልም ከታተመው ስፓይደርማን አይሻልም፤ ሁለቱም ሥራውን ረስተው አቋቋሙን ያስታውሳሉ።

ስለዚህ ጥያቄው የአገር ውስጥና የባዕድ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጀምበር የተባለው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በ2011 ዓ.ም. በኤታን ኮሚክስ ታትሞ ወጥቷል፤ እርሱም ከታሪኩ ተነጥሎ ቢሰቀል ዕጣው ያው ነው።

ከዚራ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱን የዘረጉትና ባቡሩን ሲጠግኑ የኖሩት ሠራተኞች እስከ ስማቸው፥ እስከ መዶሻቸው በሸራ ላይ ቢሣሉ፥ የጭምብሉም የረድፉም ጉድለት ባንድነት ይታረማል። ይህን ሥራ ከድሬዳዋ ሠዓሊዎች እንጠብቃለን፤ ከገዢውም ሸራውን ከመስቀሉ በፊት «ይህ ሰው ምን ሠራ?» ብሎ መጠየቅን እንጠብቃለን።