ፋውንቴኑና ደቻቱ፦ በድሬ ዳዋ የውሃ ሐውልት ምን ይናገር?

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ወዳጅነት አደባባይ ተመረቀ። በሙዚቃ የሚወዛወዘው ፋውንቴኑም ለሌሎች ከተሞች አርአያ ሆነ፤ ዛሬ መናፈሻ ሲታሰብ ፋውንቴን አብሮ ይታሰባል። ድሬ ዳዋን የመሰለች ቆላማ ከተማ እንዲህ ያለውን ነገር ብትመኝ አይፈረድባትም። ይሁን እንጂ የውሃ ሐውልት ዋጋ የሚመዘነው በሚረጨው ከፍታ ሳይሆን ከውሃው ምንጭ ጋር ባለው ዝምድና ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን ድሬ ዳዋ ከፋውንቴን በፊት የምታከብረው ሌላ ነገር አላት፤ እሱም የደቻቱ ወንዝ ነው።

ስመ ጥሩዎቹ ፋውንቴኖች ለጌጥ ብቻ አልተሠሩም። እ.ኤ.አ. በ1762 የተጠናቀቀው የሮማው ትሬቪ፣ ሮማዊው አግሪጳ በ19 ዓመተ ዓለም ገደማ ያስገነባው የቦይ ውሃ ከተማው የሚደርስበት ቦታ ነው፤ ቅርጻ ቅርጾቹ ውሃው መግባቱን ለሕዝብ የሚያውጁ ናቸው። የፓሪሶቹ የዋላስ ፋውንቴኖች ደግሞ ይበልጥ ትሑት ናቸው። ፓሪስ በጦር ተከባ፣ በእርስ በርስ ግጭት ተጎድታ ከቆየች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዋላስ በራሱ ገንዘብ የመጠጥ ውሃ ማደያዎችን አሠራ፤ ቀራፂው ሻርል ኦጉስት ሌቡር ጉልላቱን የተሸከሙ አራት ሴቶችን ቀረጸላቸው። ሥነ ጥበቡ የተጨመረው በአገልግሎቱ ላይ ነው። በእኛ ከተሞች የዚህ አቻ ቦኖ ነበር፤ ጀሪካን ተደርድሮ ወረፋ የሚጠበቅበት፣ ወሬ የሚለዋወጡበት አደባባይ። ቀራፂ ግን አላገኘም።

ወደ ድሬ ዳዋ ስንመለስ ታሪኩ የሚጀምረው ከጂቡቲ በመጣው ሐዲድ ነው። ባቡሩ ሐረር እንዲወጣ ማድረግ በተራራው ምክንያት ከባድና ውድ ስለነበር፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የከተማዋና የውሃው ጉዳይ ከመጀመሪያው አንድ ነበር። ከዚራ በሰፋፊ ጎዳናና በዛፍ ጥላ በፕላን ተዘረጋች፤ መጋላ በጠባብ መንገዶቿ በንግድ አደገች። ሁለቱን የሚለየውም የሚያገናኘውም ደቻቱ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ውሃው ከሥር ነው የሚኖረው። ከተማዋም እስከ ዛሬ ድረስ የምትጠጣው ከሳቢያን አካባቢ ጉድጓዶችና ከመሰሎቻቸው የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

ሥነ ጥበብን ከፈለግን ደግሞ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ1929 ያዩት፣ ተመራማሪዎቹ ብሮይና ቬርነርት በ1933 የቆፈሩት ይህ ዋሻ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች የተጠቀሙበትን 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው አፈር አስገኝቷል፤ ቁርጥራጮቹ ከ4,000 በላይ ናቸው። ግድግዳው ላይ ዘግይተው የተሣሉ ሥዕሎችም አሉ። ደቻቱን ቁልቁል እያየ ቀለም የፈጨ ሰው በባቡር ጣቢያው ዘመን ከሚጀምረው የከተማ ታሪክ እጅግ ቀደምት ነው፤ አንድም የመናፈሻ ንድፍ ይህን ሊዘነጋ አይገባም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ድርቅ ያለባቸው አገሮች ራሳቸው የፋውንቴን ጥበብ እናት ናቸው፤ ግራናዳን ማንሳት ይበቃል። እውነት ነው፤ ግን በዚያ ያለው የአልሃምብራ ቤተ መንግሥት ውሃ ከዳሮ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ በራሱ ክብደት ወርዶ ነበር የሚፈስሰው፤ ፏፏታው የመሬቱን አቀማመጥ ይመሰክር ነበር። በድሬ ዳዋ ፋውንቴን ቢሠራ ግን ውሃው በሞተር ተስቦ፣ በሞተር ነው የሚረጨው። ያው ውሃ ተመልሶ ስለሚዞር ብክነቱ ትንሽ ነው የሚለው መልስም ከፊል እውነት አለው፤ ሆኖም ሙቀቱ ያተንነዋል፣ የአካባቢው ውሃ ደግሞ ኖራ የበዛበት ስለሆነ የፋውንቴኑን የመርጫ አፍንጫዎች ይደፍናቸዋል። ከሁሉ በላይ ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ደቻቱ ገዳይ ነው፤ ገዳይን ለማስታወስ መናፈሻ መሥራት ጭካኔ አይሆንም ወይ?

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በደቡብ ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት በደረቁ አሸዋ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወንዙን ከዓይን ሲሸፍን አደጋውንም ከአእምሮ ይሸፍናል፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ የተወለደ ወጣት የውሃው ልክ የት እንደደረሰ አያይም። ጭካኔው መርሳቱ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ወደ አሸዋው የሚያወርድ ደረጃ፣ የጥላ ዛፍ፣ የሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ በቀራፂ እጅ የተሠራ ቦኖ ቢኖር፣ ይህ ከማንኛውም ፋውንቴን በላይ የድሬ ዳዋ ነው። የመናፈሻ ዕቅድ የሚያጸድቁ ሁሉ ፋውንቴን ከማዘዛቸው በፊት አንድ ርካሽ ሥራ ያስቀድሙ፦ የዚያን ሌሊት የውሃ ልክ በደቻቱ ግንብ ላይ ያስቀርጹ።