ከታች እየተበላ የሚኖር ቤት

ስለ ዶርዜ ቤት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ዝሆን ይመስላል» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያልቃል። እውነት ነው፣ ይመስላል። ወደ ፊት የወጣው መግቢያ ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ተራራው ወጥቼ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ «ዝሆን!» ብዬ ፖስት አድርጌ ነው የተመለስኩት። ቤቱን ግን አላየሁትም ነበር።

በሁለተኛው ጉዞዬ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። «ይሄን ለምን አሳጠራችሁት?» ብዬ ጠየቅኩ። አስጎብኚው ሳቀ። «እኛ አላሳጠርነውም ወንድሜ፣ ምስጥ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የዶርዜ ቤት እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። መሃል ላይ ምሰሶ የለውም፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ ነው የሚቆመው። አፈር የሚነካውን ጫፍ እርጥበትና ምስጥ ይበሉታል። የተበላው ሲወገድ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህ እየተደጋገመ ቤቱ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ቁመቱን ለውበት ብቻ የተሰጠው አድርጌ ነበር የማየው፤ ለካ ለምስጥ የተቀመጠ ቁጠባ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። እኛ ሙያ ውስጥ ሲስተም ሲሠራ መቼም የማይበላሽ ይመስል ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ሌሊት ስልክ ይደወላል። ዶርዜ ላይ የገነባው ሰው ጥያቄው ሌላ ነበር፦ መበላቱ አይቀርም፣ ከየት በኩል ይበላ?

እንጨት በሌላ አገርም ያው ጠላት አለው። ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ከተማ ውስጥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ አለ። እንዲህ ባለ ድልድይ ላይ ጣሪያው ከእግረኛው ይልቅ የሚጠቅመው ለእንጨቱ ነው፤ ዝናቡን ይቀበልለታል። እነሱ ከላይ ጋሻ አበጁ፣ ዶርዜዎች ከታች ትርፍ አስቀመጡ። ሁለቱም ብልሃት ነው። የዶርዜው ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ቅርጫት ስለሆነ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ከመሬት አንስቶ፣ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያኖረዋል።

እዚህ ላይ ነው «ቅርሱ ይጠበቅ!» ከሚሉ ሰዎች ጋር የምለያየው። ይህን የምንለው ብዙዎቻችን ከኮንዶሚኒየም ሆነን ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ቆርቆሮ ቤት የሠራውን ሰው «ባህልህን ከዳህ» የማለት ሞራል የለኝም።

ደግሞስ ምንድነው የምንጠብቀው? አንዱን ቤት አጥረን፣ መድኃኒት ረጭተን፣ ቲኬት ብንቆርጥበት ምስጡን እናቆም ይሆናል። ቤቱ ግን ድሮም ምስጥን አልፈራም። የሚፈራው ካለ የሚጎነጉን እጅና የሚያነሳ ትከሻ መጥፋቱን ነው። ከዶርዜ ስንቱ ሸማኔ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ እንደሚኖር አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቃል። ለቅርስ የሚወጣ ብር ካለ፣ እኔ ብሆን ለአጥር አላወጣውም፤ የሚቀጥለውን ቤት ለሚጎነጉነው ሰውና አጠገቡ ቆሞ ለሚማረው ልጅ እከፍልበታለሁ።

እናንተም ስትሄዱ ኩምቢውን ፎቶ አንሱ፣ ችግር የለውም። ከዚያ ግን ጎንበስ በሉና አፈሩን የሚነካውን ጫፍ እዩት።