ነፃ የተባለው መሣሪያና የታተመው ገጽ

ለታተመ መምሪያ መጽሐፍ የሚሆን የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት እንምረጥ ሲባል፥ ብዙው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይነቀፍም፤ ገንዘብ ያነሰው ክፍል ሌላ ምን ይጠይቅ? ነገር ግን በእኔ አስተያየት ከዋጋው በፊት መመርመር የሚገባው ከመሣሪያው የሚወጣው ገጽ ነው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ የኬሚስትሪ የሙከራ መምሪያ ነው። መምሪያው ለሦስት ክፍሎች ተብሎ በሦስት ፋይል ተቀድቶ ነበር። አሲድ የሚቀጥንበት ተራ ተገላብጦ ተጽፎ ኖሮ፥ በአንደኛው ቅጅ ሲታረም በሁለቱ ሳይታረም ቀረ፤ እንደዚያው ታትሞም ለተማሪ ታደለ። ውሃ በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ሲፈስ ግሎ ይረጫልና፥ ይህ ተራ የፊደል ግድፈት አይደለም። በድረ ገጽ ላይ ያለ ስሕተት ባንድ ሰዓት ይታረማል፤ በየተማሪው ቦርሳ የገባውን ወረቀት ግን ማን ይሰበስበዋል?

ለዚህ መድኃኒት ነው ተብሎ የሚመሰገነው ዲታ የሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። በአይቢኤም ኩባንያ ተጀምሮ፥ በ2005 እ.ኤ.አ. ኦአሲስ በሚባለው ማኅበር ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ጥበቡ ግልጽ ነው፤ ማስጠንቀቂያው አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፥ መምሪያዎቹም ሁሉ ከዚያው ይወስዳሉ። ጽሑፉን ወደ ገጽ የሚለውጠው ዲታ ኦፕን ቱልኪትም ያለ ዋጋ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ምስጋናው ተገቢ ነው።

ዳሩ ግን አመስጋኞቹ የሚዘሉት ነገር አለ። ከመሣሪያው ጋራ የሚመጣው ገጽ አዘጋጅ፥ አፓቺ ኤፍኦፒ፥ የኢትዮጵያን ፊደል የያዘ ፎንት ካልተመለከተለት በየፊደሉ ፈንታ የመሰላል መልክ ያለው ምልክት ይደረድራል። ይህን ለማቅናት፥ ኅዳጉንና የርእሱንም መልክ ለመለወጥ፥ ኤክስኤስኤል የሚባለውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ሰው ድካም ነፃ በሚለው ቃል ውስጥ አልተቆጠረም። (የሚያውቅ ተማሪ ቢገኝም በተመረቀ ማግስት ይሄዳል።)

ስለዚህ ባንድ ቋንቋ ሦስት መምሪያ ብቻ ላለው ክፍል ዲታን መምረጥ፥ ለአንድ ጀበና ሙሉ ጆንያ ቡና መቁላት ይመስለኛል። ብዙ ዕቃና ብዙ ትርጉም ላለው ድርጅት ግን ሌላ ነው፤ እዚያ በገንዘብ የሚገዛው ሥርዓት እንኳ ዋጋውን ሊመልስ ይችላል። ለእኛ ላቴክ ይበቃል፤ እሱም በነፃ የሚገኝ ሲሆን አንዱን ማስጠንቀቂያ በብዙ መጽሐፍ ያስገባል። ዜቴክ በሚባለው አዘጋጅ ሲታተም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ የተመዘገበውን ፊደላችንን ያነባል። እርማቱን ማንና መቼ እንዳደረገ ደግሞ ጊት ይመዘግባል። ላቴክም ቢሆን ትምህርት ይጠይቃል፤ የሚማሩት ግን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ያንኑ የአሲድ ማስጠንቀቂያ በዚህ መንገድ ባንድ ፋይል አርሜ ሦስቱን መምሪያ በወረቀት አወጣሁ። በሦስቱም ታርሞ ተገኘ፤ የመጠረዣው ኅዳግ ግን ገና ጠባብ ነው።