አንድ መጠይቅ በዐረብኛ

የልጅ ቶንሲል ማበጡን ሐኪሙ አፍ አስከፍቶ ያያል፤ ሌሊት ትንፋሹ መቆራረጡን፣ ምግብ አልዋጥ ማለቱን፣ ጉሮሮው በየጊዜው መታመሙን የሚያውቀው ግን ወላጅ ነው። በብሪታንያ የተዘጋጀው ቲ-14 የተባለ መጠይቅ ይህን የወላጅ እውቀት በ14 ጥያቄዎች ይሰበስባል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ሲሰጠው ድምሩ እስከ 70 ይደርሳል። መጠይቁን ለዐረብኛ ተናጋሪዎች ማዘጋጀት ትልቅ ሥራ ነው። «አስተርጓሚ ጥያቄዎቹን እዚያው ለእናትየዋ ቢነግራትስ?» የሚል ይኖራል። አስተርጓሚው ዛሬ «ያንኮራፋል?» ብሎ ከስድስት ወር በኋላ «ሲተኛ ድምፅ ያሰማል?» ካለ፣ ቶንሲል ከሚወጣበት ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የተገኙትን ነጥቦች ማነጻጸር አይቻልም። ለዚህ ነው ጽሑፉ ተተርጉሞ በሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሰው፤ ከዚያም ወላጆች ይሞክሩታል፣ ከቀናት በኋላ ደግመው ይሞሉታል፣ የታመመውን ከጤነኛው መለየቱም ይፈተሻል። አሰልቺ ቢመስልም ቁጥሩን ታማኝ የሚያደርገው ይህ ልፋት ነው። የካይሮና የካዛብላንካ አነጋገር ይለያያል የሚለው ስጋት እውነት አለው። ቢሆንም ቀለል ያለ የጽሑፍ ዐረብኛ ትምህርት ቤት ከገቡት አብዛኞቹን ያግባባል፤ ማንበብ ለማይችሉት ነርስ እንደተጻፈው ታነብላቸዋለች።