መልሕቁን የጣለው ማን ነው?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን እንደ ድርሰት ስናነበው

በቅርቡ መካነ ሰላም ባደረግነው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ከቀረቡት ግጥሞች አብዛኞቹ ባሕር ነበረባቸው። ማዕበል ይነሣል፣ መርከብ ይናወጣል፣ ጌታ ይገሥጸዋል፣ ጸጥ ይላል። ዓባይን ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን የምናይ ደገኞች ስለ ባሕር መጻፋችን አያስነቅፍም። እኔን ያሳሰበኝ በእነዚያ መርከቦች ላይ አንድም የሚሠራ ሰው አለመኖሩ ነው።

ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። ይህን ምዕራፍ ሳስተምር ገመዱንና ሸራውን እየዘለልሁ፣ መልአኩ ለጳውሎስ ወደ ነገረው ቃል እሮጥ ነበር። አንድ ቀን በባሕር ዳር ሠልጥኖ በውጭ መርከብ የሞተር ክፍል የሚሠራ ወንድማችን ለዕረፍት መጥቶ ትምህርቱን ተከታተለ። ሲያበቃ በትሕትና፣ «መምህር፣ መልሕቁን የጣሉት ሰዎች የት ሄዱ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን እንደ አዲስ አነበብሁት።

እናንተም አንብቡት። ሉቃስ ከአደጋው ውስጥ ሆኖ ይጽፋል፤ ታንኳይቱን በጭንቅ ስለ መያዛቸው ሲነግረን «እኛ» እያለ ነው። መርከቡ እንዳይፈርስ ከሥሩ በገመድ ያስታጥቁታል። ብዙ ቀን ፀሐይም ከዋክብትም አይታዩም። በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ የብስ መቅረቡን ጠርጥረው ጥልቀቱን ይለካሉ፤ መጀመሪያ 37 ሜትር ገደማ፣ ጥቂት አልፈው 27 ገደማ ይሆናል። ከኋላ በኩል አራት መልሕቅ ጥለው እንዲነጋ ይመኛሉ። ፍርሃታቸውን ለማሳየት ሉቃስ ቅጽል አይደረድርም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይበቁታል።

ስንዴውንም ተመልከቱ። 276 ሰዎች በልተው ከጠገቡ በኋላ የቀረውን ወደ ባሕር ይጥሉታል። እኛ የገበሬ ልጆች ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ስንዴ የሚደፋው ነፍስ ብቻ ስትቀር ነው። ጳውሎስ በእግዚአብሔር ቃል ይታመናል፤ የታመነውም ሰዎቹ እንዲበሉ ከመምከር አላገደውም። እምነቱ የሚያምረው ሥራው በዝርዝር ስለ ተጻፈ ነው። ገመዱን ስንዘል እምነቱንም እናሳንሰዋለን።

አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። የመቶ አለቃው ዩልዮስ ስም አለው፤ አርስጥሮኮስም አለው። ከመርከበኞቹ ግን አንድም ስሙ አልተጠራ፤ የመርከቡ መሪና ባለቤቱ እንኳ ስም የላቸውም። በታንኳ ሊያመልጡ መሞከራቸው አልተደበቀም፤ መልካም ሥራቸውም እንዲሁ። ትረካው የጳውሎስ ስለሆነ ሉቃስን አልወቅሰውም። እኛ ስናስተምር ግን የሸሹበትን ሰዓት ብቻ አንሥተን፣ የደከሙበትን 14 ሌሊት እንረሳለን።

ዛሬም እንዲሁ ነው። ሀገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ሆኖም በጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ፣ ምሕንድስና የተማሩ ወጣቶች ለመርከብ ሞተርና ኤሌክትሪክ ሥራ ይሠለጥናሉ። ወንድማችን እንደ ነገረን አራት ሰዓት በጥበቃ ላይ ቆሞ ስምንት ሰዓት ከጥበቃ ይወጣል፤ እንደገና አራት ሰዓት ይቆማል። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። የሞተር ክፍሉ ሙቀትና ጩኸት ግን ከዕረፍት በኋላም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። እሑድ እንደ ማክሰኞ ነው፤ ወራት ያለ ኅብረት ያልፋሉ። «ማዕበል ሲነሣ ሁሉም ይጸልያል፤ እኔን የሚከብደኝ ባሕሩ ጸጥ ሲል ነው» አለን። ይህን የመሰለ ስንኝ በዚያ ምሽት ከማናችንም አልሰማሁም።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ምሽት ስትጽፉ ባሕርን አትተዉ። ነገር ግን በመርከባችሁ ላይ ቢያንስ አንድ ሰው አሠሩ፤ ገመድ ይሳብ፣ ዘይት ይጥረግ፣ እንቅልፍ ይጣው። ባሕሩን አናውቀውም የምትሉ፣ በክረምት የሞላ ወንዝ ፊት ቆሞ መሻገሪያ የሚፈልገውን አባታችሁን ጻፉ። ዓርብ ማታ ስንጸልይም «በባሕር ላይ ያሉትን» ብለን በጅምላ አንለፍ። ያን ወንድማችንን በስሙ እንጥራው።