ከኀምሲት እስከ ዓመት

ባሕረ ሐሳብ ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ስሌት፣ መጥቅዕና አበቅቴው ነው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የቀን አከፋፈሉ ነው። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንዷ ካልዒት 60 ሣልሲት፤ እንዲህ እያለ በራብዒትና በኀምሲት በኩል እስከ ሳድሲት ይወርዳል። በእጅ ሰዓታችን ሲመነዘር ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ ነው። ሣልሲት ላይ ስንደርስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በታች ገና ሦስት እርከን አለ።

ከላይ ደግሞ 532 ዓመት የሚፈጀው ዐቢይ ቀመር ተቀምጧል። ወደ ታች በሚወርደው ስሌት ውስጥ ትርፍ አይጣልም። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። 15ቱ ኬክሮስ በአራት ዓመት አንድ ዕለት ይሞላሉ፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዚህ ነው። 6ቱ ካልዒትም በ600 ዓመት 3,600 ይደርሳሉ፤ ይኸውም ሌላ ሙሉ ዕለት ነውና ጳጉሜን ያን ጊዜ 7 ትሆናለች ይባላል። በዛሬው የሥነ ፈለክ ልኬት የፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ከሩብ ጥቂት ያንሳል እንጂ አይበልጥም፤ ስለዚህ የእጅ ሥራው ጎልቶ የሚታየኝ በጨረቃው በኩል ነው።

አንድ የጨረቃ ወር 29 ዕለት ከ31 ኬክሮስ ከ50 ካልዒት ከ8 ሣልሲት ከ4 ራብዒት ከ24 ኀምሲት ነው። በ12 አባዙት። 24ቱ ኀምሲት 288 ይሆናሉ፤ 240ው 4 ራብዒት ሆኖ ወደ ላይ ይሻገራል፣ 48 ይቀራል። 4ቱ ራብዒት 48፣ ከመጣው 4 ጋር 52፤ ስድሳ ስላልሞላ እዚያው ይቆያል። 8ቱ ሣልሲት 96፤ አንዲት ካልዒት ወጥታ 36። 50ው ካልዒት 600፣ ከመጣችው ጋር 601፤ 10 ኬክሮስ ወጥቶ አንዲት ካልዒት ብቻ ትተርፋለች። በዚሁ መንገድ ሄዶ ሄዶ 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ከ1 ካልዒት ከ36 ሣልሲት ከ52 ራብዒት ከ48 ኀምሲት ላይ ያርፋል። የጨረቃ ዓመት የሚባለው ይኸው ነው፤ «ገደማ» የሚል ቃል የትም አልገባበትም።

የመጨረሻዎቹ 48 ኀምሲት ተደምረው የሰከንድ መቶኛ እጅ አይደርሱም። ይህን የሚያህል ቅንጣት ሰማይ ለአንድ ወር በማየት አይገኝም፤ የሚገኘው የብዙ ዘመን ቀኖች ተቆጥረው በዚያ ዘመን ለወጡት ጨረቃዎች ሲካፈሉ ነው። የወሩ ርዝመት ዛሬ ከሚታወቀው አማካይ የጨረቃ ወር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ በታች ነው።